ዝናቡን ያላስቆመው አዋቂ



ልብ ወለድ የምናነብ የጀመዓው ልጆች አንድ ጥያቄ ለምዶናል። «ፈተናው ደርሶ፣ ቂርኣቱም እየጠበቀ፣ በሌለ ዓለም ታሪክ ጊዜ ማጥፋት ምን ይሉታል?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን አሜሪካዊቷን ደራሲ ኡርሱላ ሌ ጉዊንን ሳያነብ የሚመረቅ የኢንጂነሪንግ ተማሪ አንድ ትልቅ ነገር ቀርቶበታል ባዮች ነን።

ሌ ጉዊን በ1929 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያ ውስጥ ተወለደች፤ በ2018 አረፈች። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር የታወቀ አንትሮፖሎጂስት ነበር። የሌላውን ሕዝብ አኗኗር ጠጋ ብሎ ማየት ከቤቷ የወረሰችው ይመስለናል፤ የፈጠረቻቸው ዓለማት ምግብ፣ ሕግ፣ ተረትና ጸብ ሁሉ አላቸው።

በ1968 የወጣው «አ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» ጌድ ስለተባለ ልጅ ይተርካል። የነሐስ አንጥረኛ ልጅ ነው፤ ፍየል ሲጠብቅ አድጓል። ተሰጥኦው ሲታወቅ የመሬት መንቀጥቀጥ አስቁሟል ለሚባለው ለታላቁ አዋቂ ለኦጊዮን ይሰጡታል። ልጁ በማግስቱ ኃይል የሚታደለው መስሎታል። ኦጊዮን ግን ዝም ብሎ ይሄዳል። በመንገድ ላይ አንድ ተራ ቅጠል ያሳየውና ሥሩን፣ አበባውንና ፍሬውን በየወቅቱ እንዲያውቅ ይነግረዋል። ዝናብ ይመጣል። ማንም ተራ ደመና ገፊ ወደ ሌላ ቦታ ሊመልሰው ይችላል። ኦጊዮን ዛፍ ሥር ገብቶ ይተኛል፤ ጌድ በስብሶ ይናደዳል። የማይጠቀሙበት ኃይል ምን ይረባል?

መድረሳ የቀራን ሰዎች እዚህ ገጽ ላይ ፈገግ ሳንል አናልፍም። ኪታብ ከመክፈቱ በፊት ስንት ጊዜ ውሃ የቀዳ፣ እንጨት የለቀመ ደረሳ ታሪክ ከታላላቆቻችን ሰምተናል። በመደበኛው ትምህርት ቤት ግን ጥያቄው ሌላ ነበር፤ አሁንም ሌላ ነው። ምሰሶው ጭነቱን ይሸከማል ወይ? ስሌቱ ይወጣል ወይ? ወጪው ስንት ነው? መንገዱ ሲሠራ ማን ከቤቱ እንደሚነሳ፣ የፋብሪካው ፍሳሽ ማን ወደሚጠጣው ወንዝ እንደሚገባ ግን በፈተና ወረቀት ላይ ብዙም አይጠየቅም። ሌ ጉዊን ያንን ትጠይቃለች። ጌድ ሮክ ወደተባለው ደሴት ትምህርት ቤት ሄዶ ጠጠርን እውነተኛ አልማዝ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሲጠይቅ፣ መምህሩ አይቻልም አይለውም። አንዲት ጠጠር ብትለወጥ በሌላው ፍጥረት ላይ የሚመጣውን ደግና ክፉ ሳታውቅ እንዳትነካት ነው የሚለው።

ጌድ አልሰማም። ከእኩያው ጋር ተፎካክሮ፣ ማንነቱን ሊያሳይ ብሎ የማይነካውን ነካ፤ ስም የሌለው ጥላ ወደ ዓለም ለቀቀ። የተከፈተውን ለመዝጋት ታላቁ መምህር ሕይወታቸውን ከፈሉ። እኛ ይህን በአንድ ቃል ኪብር እንለዋለን። የጥላውን መጨረሻ አንነግራችሁም።

«ይህ እኮ ሲሕር ነው» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ሲሕር ሐራም መሆኑን አቅልለን አናይም። ነገር ግን በዚህ መጽሐፍ የሚማሩት ድግምት የለም፤ የጌድ ጥበብ እኛ ዕውቀትና ቴክኖሎጂ የምንለው ነገር ሌላ ልብስ ለብሶ ነው። ምክር አዘል የምናብ ታሪክም ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። በ12ኛው መቶ ዘመን አንዳሉስ የነበረው ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ጡፈይል ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ብቻውን ያደገውን የሐይ ኢብን የቅዛንን ታሪክ ጽፏል። ያም ሆኖ ልቡ የማያርፍለት ሰው ይተወው፤ አስማት የሌለበት ሌላ መጽሐፍ አላት።

እሱም በ1974 የወጣው «ዘ ዲስፖዘስድ» ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሼቬክ የግል ንብረት ከሌለባት ደሃ ጨረቃ ተነስቶ ወደ ሀብታሟ ፕላኔት ይሄዳል። ክብሩም ምቾቱም ይሰጠዋል። ቀስ እያለ የሚገባው ግን የተፈለገው ቀመሩ መሆኑ ነው፤ በከዋክብት መካከል ያለ መዘግየት መነጋገር ያስችላልና የያዘው መንግሥት የበላይ ይሆናል። ሼቬክ ለሁሉም ዓለማት በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ ያደርጋል። ደራሲዋ ጨረቃይቱንም ጀነት አላደረገቻትም። እዚያ ያለው አለቃው በሼቬክ ሥራ ላይ የራሱን ስም ይጨምራል። የመመረቂያ ጽሑፍ የጀመራችሁ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ሳታነቡት አትቀሩም። ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ለምንጠብቅ ሰዎችም፣ የሚጋብዘን ሁሉ ምን ፈልጎ እንደጋበዘን ለማሰብ ከዚህ የተሻለ ልብ ወለድ አላገኘንም።

በሁሉም አንስማማም። «ዘ ፋርዘስት ሾር» ውስጥ የሳለችው የሙታን አገር ደረቅና ፍቅር የጠፋበት ነው፤ ስለ አኺራ ከምናምነው ጋር አይገናኝም። የዳዖ ፍልስፍና ተጽዕኖም በየቦታው አለ። ደስ የሚለን ግን በጻፈችው ላይ ድርቅ አለማለቷ ነው። በ2001 ወደዚያው የሙታን አገር ተመልሳ ግንቡን አፍርሳዋለች። በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት የሮክ ትምህርት ቤት ለወንዶች ብቻ ነበር፤ በ1990 በወጣው «ቴሃኑ» ደግሞ የአንዲት ባልቴትና በእሳት የተቃጠለች ሕፃን ታሪክ ይዛ መጣች። እህቶቻችን ከሁሉም የሚያስበልጡት እሱን ነው።

ጌድ ደግሞ ጠይም ነው። ጓደኛው ከእሱም ይጠቁራል፤ ነጮቹ ከሩቅ የሚመጡ ወራሪዎች ናቸው። በ2004 ታሪኩ ለቴሌቪዥን ሲሠራ ጌድን ነጭ ተዋናይ ተጫወተው። ደራሲዋ ዝም አላለችም፤ በጽሑፍ በአደባባይ ተቃወመች።

መጀመር የሚፈልግ በአጭሩ፣ በጌድ ታሪክ ይጀምር። «ዘ ዲስፖዘስድ» በፈተና ሳምንት አይመከርም፤ ምዕራፎቹ አንዱ በጨረቃ፣ አንዱ በፕላኔቷ እየተፈራረቁ ስለሚሄዱ እስከ ሦስተኛው ድረስ ግር ይላል። ሰብስል ብሎ ስሙን በሥራችሁ ላይ ከሚጨምር አለቃ የከፋ ግን አይደለም።