ሸክላው በማን ስም ይወጣ?

ሰው በስሙና በመልኩ የወጣ ሥራ መኖሩን ከገበያ ቢሰማ ምን ይሰማው ይሆን? በጥር ወር 1967 (ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር «ዘ መንኪስ» ይባሉ የነበሩት አራት ወጣቶች የደረሰባቸው ይኸው ነበር። ሁለተኛው ትልቅ ሸክላቸው ሲወጣ ዘፈኖቹን የመረጠ ከአራቱ አንድም አልነበረም። በሽፋኑ ላይ የታየው ፎቶግራፍ እንኳ ለልብስ ማስታወቂያ የተነሡት ነበር። ሸክላው መውጣቱን ያወቁት ለትርዒት ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘዋወሩ ነው ይባላል።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ቦብ ራፈልሰንና በርት ሽናይደር የተባሉ ሁለት አዘጋጆች ዝና ስለሚፈልግ አንድ የሙዚቃ ጓድ የሚተርክ የቴሌቪዥን ትርዒት አሰቡ፤ በ1965 በሆሊውድ የሙያ ጋዜጦች ማስታወቂያ አወጡ። ከ400 በላይ አመልካቾች ቀረቡ፤ በመጨረሻም ጓዱ ማይክል ኔስሚዝ፣ ፒተር ቶርክ፣ ሚኪ ዶሌንዝና ዴቪ ጆንስ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሙዚቀኞች ሲሆኑ የቀሩት ሁለቱ በተዋናይነት የሚታወቁ ነበሩ፤ ዶሌንዝ ከበሮ መምታት የተማረው ለዚሁ ትርዒት ሲባል ነው። ትርዒቱ በመስከረም 12 ቀን 1966 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ተጀመረ።

የሙዚቃው ሥልጣን ግን ለሚስተር ዶን ከርሽነር ተሰጠ። እሳቸውም ዘፈኑን ከታወቁ ደራሲዎች እየገዙ፣ በቅጥር ሙዚቀኞች እያስመቱ፣ ከአራቱ ወጣቶች ድምፃቸውን ብቻ ይወስዱ ነበር ለማለት ይቻላል። ኒል ዳይመንድ የደረሰው «አይም ኤ ቢሊቨር» ሰባት ሳምንት በአንደኛነት ቆየ። ስለዚህ ሚስተር ከርሽነር ሙያቸውን አያውቁም የሚል ቢኖር እኛ አንቀበለውም። ቅጥር ሙዚቀኛ ማስመታትም በዚያን ዘመን በሆሊውድ የተለመደ ነበር።

ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል። ልጆቹ ውሉን ፈርመዋል፤ በቲያትር ሐኪም ሆኖ የሚጫወት ሰው በእውነት እንዲያክም አይጠየቅም፤ ምን ያስቆጣቸዋል? ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የቲያትሩ ሐኪም መድኃኒቱን በስሙ ለሕዝብ አይሸጥም። የነዚህ ሸክላ ግን ከመድረክ ወርዶ በእውነተኛ ሱቅ፣ በእውነተኛ ስማቸው ይሸጥ ነበር። ከታኅሣሥ 1966 ጀምሮም በሕዝብ ፊት እየቆሙ መሣሪያውን ራሳቸው ይመቱ ነበር። ገዢው ሁለቱን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ አታላዮች ተብለው የሚሰደቡት ግን አራቱ እንጂ ዘፈኑን የመረጡት አልነበሩም። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የሰው እጅ መዋሱ ላይ አይደለም፤ ባለስሞቹ ሳይጠየቁ ሥራው መውጣቱ ላይ ነው።

ይህ በሙዚቃ ብቻ የሚታይ አይደለም። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤውን አንዱ ያረቃል፣ ሌላው ይፈርማል፤ በዚህ ማንም አይቀየምም። ፊርማው ያለበትን ደብዳቤ ከወጣ በኋላ ከተቀባዩ የሚሰማ ሹም ግን ዝም ይላልን?

ኔስሚዝ ዝም አላለም። በሸክላዎቹ ላይ የሚመቱት እነሱ አለመሆናቸውን ለጋዜጠኛ በግልጽ ተናገረ፤ በቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል በተደረገው ስብሰባም ተቆጥቶ ግድግዳውን በቡጢ ሸነቆረው። (እናቱ ቤቲ ኔስሚዝ ግራሃም የታይፕ ስሕተት የሚሸፍነውን ነጭ ቀለም የፈጠሩት ጸሐፊ ናቸው። በቢሮ የሠራ ሁሉ ባለውለታቸው ነው፤ የልጃቸው ጠብ ግን በዚያ ቀለም የሚሸፈን አልነበረም።) ግድግዳ መምታቱን አናመሰግንለትም። ከዚያ በኋላ ሚስተር ከርሽነር ያልተፈቀደ ዘፈን ጨምረው ሌላ ሸክላ በካናዳ ቢያወጡ ኩባንያው በየካቲት 1967 አሰናበታቸው።

አራቱም ስቱዲዮ ገብተው፣ ቺፕ ዳግላስ እየመራቸው፣ አብዛኛውን ራሳቸው የመቱትን «ሄድኳርተርስ» በግንቦት 1967 አወጡ። አንድ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ለቢትልስ ቦታውን ለቀቀ፤ ሽያጩም ከፊተኞቹ ሁለት ሸክላዎች አነሰ። አዳምጠነዋል። አንዳንድ ቦታ ከበሮው ይደናቀፋል፤ የቅጥሮቹን ያህል የተወለወለ አይደለም። ሆኖም አራት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው እርስ በርስ ሲጠባበቁ ይሰማል፤ እኛም ከፊተኞቹ ይልቅ ይህንን ደጋግመን አስጭኸናል። ትርዒቱ በመጋቢት 1968 አበቃ።

ሚስተር ከርሽነርም ሥራ አልፈቱም። የሚቀጥለውን ጓድ ከሥዕል አበጁት፤ «ዘ አርቺስ» የተባሉ የካርቱን ልጆች ነበሩ። «ሹገር ሹገር» የተባለው ዘፈናቸው በ1969 በአሜሪካ ከሁሉ በላይ የተወደደ ሆነ። ያንን ዘፈን የዘፈነው ሮን ዳንቴ የተባለ ሰው ሲሆን ሸክላው የወጣው ግን በሥዕሎቹ ስም ነበር።