ድምፁ የማን ነው?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን ስለ ድሮው የስልክ መልስ ሰጪ መኪና ወሬ ተነሥቶ፥ አንዱ ጓደኛችን «ከቤቱ ለራቀ ሰው እንደዚያ የሚመች ዕቃ አልተሠራም» አለ። መመቸቱንስ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መኪናው በአሜሪካ በየቤቱ ሲስፋፋ፥ ባለቤቱ ከሥራው ቦታ ወይም ከመንገድ ዳር ስልክ ወደ ገዛ ቤቱ ይደውላል፤ መኪናው ሲያነሣለት የምሥጢር ቁጥሩን ይጫናል፤ በቴፑ የተቀዳለትንም መልእክት ካለበት ሆኖ ይሰማል።

ለዚህ መንገድ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1963 እዚያው አሜሪካ የወጣው፥ ቁጥሩን በመጫን የሚደወልበት ስልክ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ሲጫኑት ሁለት ድምፅ ባንድነት ያሰማልና መኪናው በዚያ ይለየዋል። ብልሃቱ እስከ ሳንቲም ቁጠባ ይደርስ ነበር። አዲስ መልእክት ካለ በሁለተኛው ደወል ያነሣል፥ ከሌለ እስከ አራተኛው ይቆያል፤ ስለዚህ ሦስተኛውን ደወል የሰማ ባለቤት ሒሳብ ሳይቈጠርበት ይዘጋል። (ይህን ያሰበውን ሰው አግኝቼ ቡና በጋበዝሁት!)

ቅሬታዬ በምሥጢር ቁጥሩ ላይ ነው። በብዙዎቹ መኪናዎች ሁለት አሐዝ ብቻ ነበረ፤ ከ00 እስከ 99 ቢቈጠር መቶ ነው። ይባስ ብሎ አንዳንዱ መኪና የተጫኑትን አሐዞች በተርታ እያዳመጠ፥ ተከታታይ ሁለቱ ሲገጥሙለት ይከፍት ነበር። እንዲህ ከሆነ በብልሃት የተደረደሩ 101 አሐዞች መቶውንም ጥንድ ያዳርሳሉ፤ ሒሳብ የሚማሩ ጓደኞቻችን ይመስክሩ።

«የገዛ ቤቱ ነው፤ ቢከፈትበት ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በቴፑ ላይ ያለው ድምፅ የደዋዩ እንጂ የባለ መኪናው አይደለም። እናት ስለ ሕመሟ፥ ባለ ዕዳም ስለ ዕዳው የሚናገሩት ለአንድ ጆሮ ብለው ነው። በብሪታንያ ጋዜጠኞች የሰውን የእጅ ስልክ የመልእክት ሣጥን ከሩቅ እየከፈቱ ማዳመጣቸው ተጋልጦ፥ ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ የተባለው የ168 ዓመት ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2011 ተዘጋ። በዚያም ቢሆን ከኩባንያው የተሰጠውን የምሥጢር ቁጥር ሳይለውጥ የተቀመጠ ሰው ብዙ ነበረ።

ያ ጓደኛችን ክርክሩ ሲያልቅ የእጅ ስልኩን ሲከፍት አየሁት፤ ቁጥሩ 1234 ነው። እስካሁን የላክሁለትን መልእክት ሁሉ አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመርሁ። እስኪለውጠው ድረስ የሆዴን የምነግረው ፊት ለፊት ስንገናኝ ብቻ ነው።