መዳብ ስለ ጠገበው ውሃ

ራዲዮ ወይም ሌላ ትንሽ መሣሪያ በገዛ እጁ ለመሥራት የሚተጋ ወጣት የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የሥራው ፍጻሜ እንደ መጀመሪያው ሳይታሰብበት የቀረ እንደ ሆነ፤ የአንዱ ትጋት ለጎረቤቱ ጉዳት ይሆናል።

የሥራው ጠባይ እንዲህ ነው። ከመስታወት ክርና ከሙጫ በተሠራ ሰሌዳ ላይ ስስ መዳብ ይለበጣል፤ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ 35 ማይክሮሜትር ነው። ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መንገድ አሲድ በማይደፍረው ቀለም ተሸፍኖ፤ ሰሌዳው ፌሪክ ክሎራይድ በተበጠበጠበት ውሃ ይነከራል፤ ያልተሸፈነው መዳብ ተበልቶ ያልቅና መንገዱ ብቻ ይቀራል። ብልሃቱ ከሥዕል አታሚዎች የመጣ ነው፤ የአውሮፓ ሠዓልያን መዳብን በአሲድ እያስበሉ ሥዕል ማተምን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያውቁት ነበር። በቪየና የተወለደው ፓውል አይስለርም በእንግሊዝ አገር ሳለ፤ በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ ፈጠራው የባለመብትነት ማመልከቻ ሲያቀርብ፤ ይህንኑ የማተሚያ ቤት ጥበብ ለኤሌክትሪክ ሥራ ማዋሉ ነበር።

ስሕተቱ የሚጀምረው ሰሌዳው ታጥቦ ሲደርቅና ሠሪው ደስ ሲለው ነው። መዳቡ ከዓይን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም፤ በውሃው ውስጥ አለ። «ፌሪክ ክሎራይድ የከተማን ውሃ ለማጣራት እንኳ ያገለግል የለምን? በቦይ ቢደፋ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አይታጡም። ማገልገሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚናገሩት ስለ አዲሱ ነው። አሮጌው መዳብ የጠገበ ስለ ሆነ፤ ወደ ወንዝ በወረደ ጊዜ ጥቂቱ እንኳ ዓሣንና በውሃ የሚኖረውን ደቂቅ ፍጥረት ሊገድል ይችላል። የፍሳሹን ቧንቧ መብላቱስ ለባለቤቱ የሚተርፍ ዕዳ ነው።

ሃይድሮክሎሪክ አሲድን ከሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ጋራ ቀላቅለው የሚሠሩም አሉ። የዚህ እንፋሎት ሳንባን ያቃጥላል፤ በጠርሙስ ታሽጎ ቢቀመጥም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ሕፃናት ባሉበት ቤት ከቶ የሚደፈር አይደለም።

ባገለገለው ፌሪክ ክሎራይድ ላይ የልብስ ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ ቢጨመርበት፤ አረፋ እያወጣ መዳቡ ጭቃ ሆኖ ይዘቅጣል። ጭቃው ግን ራሱ መዳብ ነውና በጓሮ የሚቀበር አይደለም። እንግዲህ የትምህርት ቤት ሹም መድኃኒቱ እንዲገዛ ሲፈቅድ፤ ዝቃጩ በምን ዕቃ እንደሚጠራቀምና ማን እንደሚረከበው አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። ማዘጋጃ ቤትም መረከቢያ ቦታ ካላመለከተ፤ ጥንቁቁ መምህር ጠርሙሱን በቁም ሣጥን ቆልፎ ዓመት ከዓመት ሲጠብቅ ይኖራል፤ የቸኮለው ግን ማታውን ይደፋዋል።