ቁልፍ ላይ ስለሚንጠለጠለው ዱላ



ሰሞኑን በልጆቻችን ቁልፍ ላይ ተንጠልጥላ የምናያት አንዲት አጭር ዱላ አለች። ርዝመቷ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስሟም ኩቦታን ይባላል። ያወጣት ታካዩኪ ኩቦታ የተባለ ጃፓናዊ የካራቴ መምህር ሲሆን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት የሎስ አንጀለስን ሴት ፖሊሶች አሠልጥኖባታል። ልብ በሉ፤ ፖሊሶቹ ያገኙት ዱላዋን ብቻ ሳይሆን ልምምዱንም ነው። የእኛ ልጆች ግን ዱላዋን ገዙ እንጂ ልምምዱን ማን ሰጣቸው?

ባለፈው ወር ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወደ ዳቦ ቤት ሥራዋ ስትሄድ ቦርሳዋን የተነጠቀችው ልጃችን ይህቺው ዱላ ነበረቻት። የት? ቦርሳው ውስጥ! አብራ ሄደች። በእጇስ ብትሆን ኖሮ? በዚህች ዱላ ለመምታት ሰውየው አጠገብ መድረስ ያስፈልጋል፤ ጉልበተኛ ከሆነ ደግሞ ቀምቶ መልሶ ይመታበታል። ሕጉም ልክ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 መከላከልን የሚፈቅደው ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና መከላከሉም ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው። የሸሸውን ሌባ አባሮ መፈንከት መከላከል አይባልም።

እኛ የምንመርጠው ፊሽካን ነው፤ የኳስ ዳኛ የሚነፋውን። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ትምህርት አይፈልግም፣ ማንንም አያቆስልም። ብቻ ከቤት ሲወጡ በእጅ ይያዝ፣ ቦርሳ ውስጥ አይግባ።

ይሁን እንጂ ፊሽካም ሰሚ ይፈልጋል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ያን ሌሊት ልጅቷ ጮኻለች። ይህን የምንጽፈው የማኅበሩ ሰዎችም ሰምተናል። ሌላ ነገር መስሎን አይደለም፤ በር መክፈት ፈርተን ነው። በማግሥቱ እናቷ መጥተው «እዚህ ሰፈር ሰው የለም እንዴ?» ሲሉን መልስ አጣን።

በመሆኑም ያሰብነው እንዲህ ነው። ፊሽካ የሰማ ሁሉ የውጭ መብራቱን ያብራ፤ ያለውም ፊሽካውን ይንፋ፤ ከዚያም ብቻውን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠርቶ ይውጣ። (ለጨዋታ የምትነፉ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉ። ሁለት ጊዜ በሐሰት ከተነፋ ሦስተኛውን የሚሰማ የለም።) ሳይነጋ ወደ ሥራ የሚወጣ ልጅ ያላችሁም ሰዓቱን ንገሩን፤ የሰፈሩ ዘበኛ እስከ ታክሲው ድረስ ይሸኛቸው እንደሆነ እንጠይቃለን።

እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት በማኅበሩ ግቢ እንድትገኙ እናሳስባለን። ልጅቷ አሁንም የምትወጣው በዚያው ሰዓት ስለሆነ ጉዳዩን ለሌላ ስብሰባ አናቆየው።

የማኅበሩ ጸሐፊ