ሌሊቱን ቀን ማድረግ ትርፍ አለውን?



ፈተና በተቃረበ ቍጥር ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና የሚያድር ተማሪ በመካከላችን እንደ ጀግና ይቈጠራል። እኔም ባለፈው ዓመት ከነዚሁ ጀግኖች አንዱ ነበርሁ። በፈተናው ጧት ግን ዓይኔ ጥያቄውን እያነበበ ልቤ መልሱን አጣ። ምክንያቱን ብመረምር ጥፋቴ የትጋት ማነስ ሳይሆን ሰዓትን ማዛባት ሆኖ አገኘሁት።

በአንጎላችን ሥር፣ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት ስፍራ በላይ፣ 20,000 ያህል ሕዋሳት ያሉበት ትንሽ ክፍል አለ። ሊቃውንት ሱፕራኪያዝማቲክ ኑክሊየስ ይሉታል። የመተኛትንና የመንቃትን ጊዜ፣ የሰውነትንም ሙቀት በየሰዓቱ የሚመራ እርሱ ነው። ይህ ሰዓት ለብቻው ቢተው በአብዛኛው ሰው ዘንድ በየቀኑ ጥቂት ይዘገያል፤ የሚያስተካክለውም ብርሃን ነው። የጧት ብርሃን ያስቀድመዋል፤ የምሽት ብርሃን ያዘገየዋል። ሲጨልም ፒኒያል የተባለው ዕጢ ሜላቶኒን አመንጭቶ መምሸቱን ለሰውነት ያስታውቃል፤ የአምፖልና የስልክ ብርሃን ግን ይህን መልእክት ያግደዋል።

ይህን ሰዓት በፈቃዳችን ልናዝዘው አንችልም። እ.ኤ.አ. በ1962 ሚሼል ሲፍር የተባለ ፈረንሳዊ ያለ ሰዓትና ያለ ፀሐይ ሁለት ወር ያህል በዋሻ ተቀመጠ። ሲወጣ በቀን አቈጣጠር 25 ቀን ያህል ተሳስቶ ተገኘ። የመተኛቱና የመንቃቱ ዙር ግን ከ24 ሰዓት ተኩል እምብዛም አልራቀም ነበር። ሐሳቡ ቢሳሳትም ሰውነቱ ሥርዓቱን አልለቀቀም።

አንዳንዶች፦ «ቀን ቤተ ሰባችንን የምንረዳ ልጆች ከሌሊት በቀር ምን ጊዜ አለን?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ወላጆች ከማታው ሥራ አንድ ሰዓት ቢቀንሱልን፣ መምህራንም የፈተናውን ቀን አስቀድመው ቢነግሩን፣ ድካማችን በከንቱ አይቀርም። እኛም ትምህርቱን ለመጨረሻዋ ሌሊት ማከማቸቱን እንተው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኝተን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ብንነሣ ስምንት ሰዓት እንተኛለን፤ ፀሐይም ስትወጣ ደጅ ወጥተን ብርሃኑን እናግኝ።

አባቶቻችን የቀኑን ሰዓት ከንጋት ጀምረው እንድንቈጥር አስተምረውናል። አንጎላችንም ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዚያው በንጋቱ ብርሃን ነውና፣ ከፈተናው በፊት ይህን ሰዓት እናክብር።