ለጋሹ እኔ ነበርኩ

ታላቅ ወንድሜ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን መታጠብ ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። ንቅለ ተከላ ለማድረግ ለጋሽ ስለሚያስፈልግ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲመክር «የእኔን ይውሰድ» አልኩ። እናታችን አለቀሰች። እኔም፣ ሐቁን ልናገር፣ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

ሐኪሙ አልትራሳውንድ አዘዘልኝ። ስክሪኑን ብዙ ካየ በኋላ «አባትዎ በምን ነበር ያረፉት?» አለኝ።

«በደም ግፊት።»

በቤታችን የሚታወቀው ይኸው ነው። አያታችንም «ደም ግፊት» ነበረባቸው ይባላል። አባባ ከመሞቱ በፊት ፊቱና እግሩ አብጦ እንደነበር ትዝ ያለኝ ስጠየቅ ነው።

ሁለቱም ኩላሊቶቼ ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች አሉ። ፖሊሲስቲክ ኪድኒ ይባላል። እናት ወይም አባት ካለባቸው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከረጢቶቹ በዓመታት እያደጉ ደህናውን የኩላሊት ክፍል ይጫኑታል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ ብቅ የሚለው ምልክት ደም ግፊት ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቦቼ አልዋሹም፣ የሕመሙን ምልክት ሕመሙ ነው ብለው ያዙት እንጂ። እናንተም ቤት ገና በጎልማሳነቱ «በደም ግፊት» የሞተ ዘመድ ካለ ኩላሊቱ እንዴት እንደነበር ጠይቁ።

አንድ ያነበብኩት ነገር ገርሞኛል። የኩላሊት ቱቦ ሕዋሳት ሲሊየም የሚባል ቀጭን ፀጉር መሰል ነገር አላቸው፤ ለረጅም ጊዜ የማይረባ ትርፍ ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን ተመራማሪዎች አንዲት የኩሬ አልጌ ጭራ ለማብቀል የሚያስፈልጋት ዘረመል በአይጦች ላይ ሲበላሽ ኩላሊታቸው ከረጢት እንደሚያወጣ አሳዩ። የእኛ ቤት ሕመምም ከዚያችው ፀጉር ጋር የተያያዘ ነው።

ለእኔ የተነገረኝ ጨው እንድቀንስና ደም ግፊቴን እንድቆጣጠር ነው። የከረጢቶቹን እድገት የሚያዘገይ ቶልቫፕታን የተባለ መድኃኒትም አለ፤ ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም።

የከበደኝ የታናሽ እህቴ ነገር ነው። 27 ዓመቷ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው። «አልገጠመም» ብዬ ሸንግያት ነበር። አሁን «እታለም፣ ያንቺ ካልሆነ የእኔ አለ» ትላለች። በእሷ ዕድሜ አልትራሳውንዱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ብቻውን አይበቃም፤ ኤምአርአይ ወይም የዘረመል ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል። እናታችን «ሠርጉ ይለፍና ይነገራት» ትላለች።

ቅዳሜ ቡና ልትጠጣ ትመጣለች። የምርመራ ወረቀቴን ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አድርጌዋለሁ።