መፈክር ሣር አያበቅልም

«ምርትን ባፋጣኝ የማያሳድግ ምርምር ቅንጦት ነው» የሚል አነጋገር ዛሬም ይደመጣል። ላይ ላዩን ለሕዝብ የተቆረቆረ ይመስላል። ይህ አስተሳሰብ ከሥልጣን ጋር በተጋባ ጊዜ ምን እንዳፈራ ለመረዳት ግን የአስካኒያ ኖቫን ታሪክ መመርመር ይበቃል።

አስካኒያ ኖቫ በደቡብ ዩክሬን፣ በኬርሶን ክፍለ ሀገር የሚገኝ፣ ማረሻ ያልነካው የሣር ምድር ነው። ፍሪድሪኽ ፋልትስ ፋይን የተባለ ባለርስት በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ከልሎ አስጠበቀው። አብዮቱ ርስቱን ወረሰ፤ ሣሩን ግን አላረሰም። እ.ኤ.አ. በ1919 የሕዝብ ጥብቅ ሥፍራ አደረገው። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ተግባር ነበር።

በ1929 ቭላዲሚር ስታንቺንስኪ ምርምሩን ሊመራ መጣ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ሣር ከፀሐይ ካገኘው ኃይል ስንቱ ሣር ለሚበሉት ነፍሳት፣ ስንቱስ እነሱን ለሚበሉት ይደርሳል? ኃይሉ ከደረጃ ወደ ደረጃ እየቀነሰ እንደሚሄድ በ1931 ጻፈ። አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንደማን በዚሁ መስክ ስሙን ያስጠራውን ጽሑፍ ያሳተመው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1942 ነው።

የጥናቱ ፍሬ ነገር «ተፈጥሮ ልክ አላት» የሚል ነው። ልክ ግን በዚያ ዘመን የሚወደድ ቃል አልነበረም። ትሮፊም ሊሴንኮና የሐሳብ ጓደኛው ኢሳይ ፕሬዜንት ተፈጥሮን እንዳሻን እንለውጣለን ይሉ ነበር፤ ጭብጨባውም የእነሱ ሆነ። ጣቢያው እንስሳትን የማዳቀልና የማላመድ ኢንስቲትዩት ተባለ። ስታንቺንስኪ ታሰረ፤ የሥነ ምህዳር ጥናቱም ፈረሰ። ኋላም ዳግመኛ ተይዞ፣ የሊንደማን ጽሑፍ በታተመበት በዚያው በ1942 እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

«ማዳቀሉ ጠቅሞ የለምን?» የሚል አይጠፋም። ጠቅሟል። ሚኻይል ኢቫኖቭ ያረባው ባለ ለስላሳ ጠጉር በግ እውነተኛ ውጤት ነው። ነገር ግን በጉ እንዲረባ ሣሩን የሚመዝነው ሰው መታሰር አልነበረበትም። እንዲያውም በግ የሚኖረው በሣር ነው።

ዕዳው ሌላ ቦታ ተከፈለ። በ1954 ሶቪየት ኅብረት በካዛክስታንና በሳይቤሪያ ሰፊውን ድንግል የሣር ምድር ማረስ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዝመራ አስፈነደቀ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን ነፋስ የታረሰውን አፈር አንሥቶ ወሰደው። «ልክ አለው» የሚል ድምፅ ከሃያ ዓመት በፊት ታፍኖ ስለነበር ማስጠንቀቂያው ሰሚ አጣ።

አስካኒያ ኖቫ በኋላ ጥብቅ ሥፍራነቱ ታድሶለት ዓለም አቀፍ ዕውቅና አገኘ። በ2022 ደግሞ የሩሲያ ጦር ያዘው። ምድሩ ሁለቴ የጉልበተኛ ውሳኔ ደርሶበታል።

ጥፋቱን በአሳሪዎቹ ላይ ብቻ አንጣለው። እስሩን ያመቻቸው ሂስን ወደ ክስ የለወጠ ብዕር፣ ሳይመረምር እጁን ያወጣ ተሰብሳቢ ነው። አድርባይነት ወህኒ ቤት የለውም፤ መንገዱን ግን ይጠርጋል። እንግዲህ ካድሬው ሳይወስን ይጠይቅ፤ መምህሩ ልክን ያስተምር፤ እኛም ባለ ብዕሮች ለመፈክር ከማጨብጨባችን በፊት ሣሩን የመዘነውን ሰው እንስማ።